የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የጌም ነጥብ ለአንዱ ኮንሶል ያዳላልን?

በዚህ እትም መልስ የምንሰጥባቸው ደብዳቤዎች ሁሉም በቪዲዮ ጌም ግምገማዎችና በሚሰጡት ነጥብ ላይ ያተኮሩ ናቸው። የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ። ጌም ከመግዛቴ በፊት ሁልጊዜ ግምገማ አነባለሁ። የምጫወተው በኤክስቦክስ ነው። ለፕሌይስቴሽን ብቻ የሚወጡ ጌሞች ዘጠናና ከዚያ በላይ ሲሰጣቸው፣ ወደ እኛ የሚመጡት ግን ብዙውን ጊዜ ሰባና ሰማንያ ላይ ሲቀሩ አያለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ገምጋሚዎቹ ሁሉም የፕሌይስቴሽን ሰዎች ስለሆኑ ነው» ይለኛል። ይህ እውነት ነው ወይ? ካልሆነስ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

መልስ፦ ጓደኛዎ ያቀረቡት ክስ ከሁሉም ወገን ይሰማል። የኤክስቦክስ ባለቤቶች ገምጋሚዎች ለፕሌይስቴሽን ያደላሉ ይላሉ፤ የፕሌይስቴሽን ባለቤቶች የኒንቴንዶ ጌም ሲሆን ጉድለቱ ሁሉ ይታለፋል ይላሉ፤ የኒንቴንዶ ወዳጆች ደግሞ ማሽናቸው አቅሙ ዝቅተኛ በመሆኑ ብቻ ነጥብ እንደሚቀነስባቸው ያማርራሉ። ሁሉም ተበዳይ ነኝ ማለቱ ክሱን ሐሰት አያደርገውም፤ ነገር ግን ከስሜት ወጥተን ማስረጃውን እንድንመረምር ያስገድደናል።

ለአንድ ኮንሶል ብቻ የወጡ ጌሞችን ነጥብ ከሌላው ኮንሶል ጌሞች ጋር ማወዳደር ስለ ገምጋሚዎቹ አቋም ብዙም አይነግረንም፤ የሚወዳደሩት ጌሞች ራሳቸው የተለያዩ ናቸውና። የ2018ቱ «ጎድ ኦፍ ዋር» የግምገማዎችን አማካይ በሚያወጣው ድረ ገጽ በሜታክሪቲክ ከ100 94 ማግኘቱና በኤክስቦክስ አምራች በማይክሮሶፍት ሥር የወጣው «ሬድፎል» በ2023 56 ላይ መቅረቱ አድልዎን አያሳይም፤ ሁለተኛው ጌም ሲወጣ በስህተት የተሞላና ያላለቀ እንደነበር የተጫወተው ሁሉ አይቷል። በዚያው ሚዛን የማይክሮሶፍቱ «ፎርዛ ሆራይዘን 5» በ2021 92 አግኝቷል። የፕሌይስቴሽን አምራች የሶኒ ጌሞች የሆኑት «ናክ» በ2013 54፣ «ዘ ኦርደር፦ 1886» በ2015 63፣ «ዴይስ ጎን» በ2019 71 ነው ያገኙት። ኒንቴንዶ ስዊች ለገበያ በቀረበበት በመጋቢት 3 ቀን 2017 በአንድ ቀን፣ ከአንድ ኩባንያ፣ ለአንድ ማሽን ከወጡት ጌሞች መካከል የዜልዳው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» 97 ሲያገኝ «1-2-ስዊች» 58 አግኝቷል። ገምጋሚዎች ለማሽኑ የሚያደሉ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ውጤት ይህን ያህል ባልተራራቀ ነበር።

ወገንተኝነትን ለመፈተን የተሻለው መንገድ አንድ ጌም በሁለት ማሽኖች ላይ በአንድ የግምገማ ቡድን ሲመዘን ምን እንደሆነ ማየት ነው። ለዚህ ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የጠራው የ«ባዮኔታ» ነው። ጌሙ በ2009 መጨረሻ በጃፓን ሲወጣ ፋሚትሱ የተባለው የአገሪቱ ታዋቂ የጌም መጽሔት ሁለቱንም ስሪቶች ገምግሟል። በፋሚትሱ አሠራር አራት ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ ይሰጡና ድምሩ ከ40 ይያዛል። የኤክስቦክስ 360 ስሪት 40 ከ40 ሲያገኝ የፕሌይስቴሽን 3 ስሪት 38 አገኘ። ይህን ውጤት ከተሰጠበት አገር ጋር አገናዝበው ይመልከቱት። መጽሔቱ የጃፓን ነው፤ ፕሌይስቴሽን የጃፓን ኩባንያ ምርት ነው፤ ኤክስቦክስ 360 ግን በጃፓን ገበያ ገዢው እጅግ ጥቂት የነበረ የአሜሪካ ማሽን ነው። ለአገር ምርት ወይም ለአብዛኛው አንባቢ ስሜት የሚያደላ ገምጋሚ ቢኖር ሚዛኑ ወደ ፕሌይስቴሽን ባጋደለ ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጌሙን የሠራው ፕላቲነምጌምስ መሠረቱን የጣለው በኤክስቦክስ 360 ላይ ሲሆን ወደ ፕሌይስቴሽን 3 የማዛወሩን ሥራ የያዘው አሳታሚው ሴጋ ነበር፤ በዝውውሩም የፍሬም ፍጥነቱ (በሰከንድ የሚታዩት ምስሎች ብዛት) ወረደ፣ ሎዲንጉም (ጌሙ እስኪከፈት የሚጠበቀው ጊዜ) ረዘመ። በሌላው ዓለም ያሉ ገምጋሚዎችም ይህንኑ አስተውለዋል፤ በሜታክሪቲክ የኤክስቦክሱ 90፣ የፕሌይስቴሽኑ 87 ነው። ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ የተቀነሰው በእጅ በሚዳሰስ ምክንያት ነው።

ይህን ስል ግን ነጥቦቹ ፍጹም ትክክል ናቸው ማለቴ አይደለም። መዛባት አለ፤ አንዳንዴም ከባድ ነው። የሚገባው ግን ጓደኛዎ በሚጠረጥሩት በር አይደለም። ገምጋሚው ከየትኛው ማሽን ጋር ልቡ አለ ከሚለው ይልቅ የትኛው ስሪት ተላከለት፣ በምን ዓይነት ማሽን ላይ ከፈተው፣ ነጥቡን እስኪሰጥ ድረስስ ስንት ሰዓት ተጫወተ የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ነጥቡን ወዲያና ወዲህ የሚገፉት።

የ«ሳይበርፐንክ 2077»ን ታሪክ ይውሰዱ። ጌሙ በታኅሣሥ 10 ቀን 2020 ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተላከው የፒሲ ስሪት ብቻ ነበር፤ በዚያ ላይ ከመውጫው ቀን በፊት ራሳቸው የቀረጹትን ምስል እንዳያሳዩ ተከልክለዋል። አቅም ባላቸው ኮምፒውተሮች ላይ ተጫውተው ከፍተኛ ነጥብ ሰጡ፤ በሜታክሪቲክ የፒሲው ስሪት አሁን 86 ነው። ብዙ ሚሊዮን ሰዎች ግን ጌሙን የገዙት ለፕሌይስቴሽን 4 እና ለኤክስቦክስ ዋን ነበር። እነርሱ ቤታቸው ሲከፍቱት ምስሉ የደበዘዘ፣ እንቅስቃሴው የሚቆራረጥ፣ በየመሀሉ ተዘግቶ የሚወጣ ጌም አገኙ። የኮንሶል ስሪቶቹ በተናጠል ሲገመገሙ የፕሌይስቴሽን 4 ነጥብ 57 ሆነ። የጌሙ ሠሪ ሲዲ ፕሮጀክት ጌሙን በነዚያ ኮንሶሎች ላይ አስቀድሞ ባለማሳየቱ በይፋ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጌሙ በወጣ በሳምንቱም ሶኒ ከኢንተርኔት መደብሩ ከፕሌይስቴሽን ስቶር አነሣው፤ የተመለሰውም በሰኔ 2021 ነው። በ86 እና በ57 መካከል ያሉት 29 ነጥቦች የማንም ገምጋሚ ጥላቻ ወይም ፍቅር ውጤት አይደሉም። ፒሲ የወደደ ሰው አልነበረም፤ ሌላ ነገር በእጁ እንዳይገባ የተደረገ ሰው ነበር። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም በመጀመሪያው ቀን የታተመውን ነጥብ አምኖ ገንዘቡን ያወጣው ሰው የተነበበለት ግምገማ እርሱ ስለገዛው ምርት የተጻፈ አልነበረም።

የሰዓቱም ጉዳይ ቀላል አይደለም። ገምጋሚ ጌሙን የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከመውጫው ቀን ጥቂት ቀደም ብሎ ነው፤ ግምገማው ሊታተም የሚችልበት ቀንና ሰዓትም አስቀድሞ በአሳታሚው ይወሰናል። ያ ሰዓት ሲደርስ ጽሑፉ ያልተዘጋጀለት ድረ ገጽ አንባቢውን ለሌላው ይሰጣል፤ ስለዚህ ሃምሳና መቶ ሰዓት የሚወስድ ጌም በጥቂት ቀንና ሌሊት ይሮጥበታል። በኅዳር 2011 የወጣው «ስካይሪም» የዚህን አሠራር ድክመት ቁልጭ አድርጎ አሳይቷል። በፕሌይስቴሽን 3 ላይ ጌሙ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በደንብ ይሄዳል። ተጫዋቹ ዋሻ በገባ፣ ዕቃ በጣለና መንደር በጎበኘ ቁጥር ግን ጌሙ ያንን ሁሉ የጨዋታው ሂደት በሚቀመጥበት ሴቭ ፋይል ላይ ይመዘግባል፤ ፋይሉም ያብጣል። ከብዙ አሥር ሰዓታት በኋላ እንቅስቃሴው መንተፋተፍ ይጀምራል፤ ቀጥሎም ለአንዳንዶች ጨርሶ መጫወት እስከማይቻል ድረስ ይንቀራፈፋል። ፕሌይስቴሽን 3 ያለው 512 ሜጋባይት ማህደረ ትውስታ 256ቱ ለዋናው ፕሮሰሰር፣ 256ቱ ለግራፊክስ ተብሎ ለሁለት የተከፈለ ነበር፤ ኤክስቦክስ 360 ግን ያንኑ ያህል ማህደረ ትውስታ ሳይከፍል በጋራ ይጠቀምበት ነበር። በዚህ ምክንያት በአንዱ ማሽን ላይ የሚጠብበው ቦታ በሌላው ላይ አይጠብም።

ታዲያ ነጥቡ ምን ሆነ? በሜታክሪቲክ የኤክስቦክስ 360 ስሪት 96፣ የፕሌይስቴሽን 3 ስሪት 92። ለተጫዋቹ በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አራት ነጥብ ብቻ አልነበረም። ችግሩ የሚወለደው ገምጋሚው ጽሑፉን አስረክቦ ወደ ሌላ ጌም ከተሻገረ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ነጥቡ ለፕሌይስቴሽን አድልቶ ይታያል፤ ያደላለት ግን ሰው ሳይሆን የጊዜ እጥረት ነው።

በአሁኑ ትውልድ ማሽኖች ደግሞ እርስዎን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ 16 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታና 12 ቴራፍሎፕስ (የስሌት ፍጥነት መለኪያ) የግራፊክስ አቅም ሲኖረው፣ ታናሹ ሲሪስ ኤስ 10 ጊጋባይትና 4 ቴራፍሎፕስ ነው ያለው። በሜታክሪቲክ ግን ሁለቱ የሚመደቡት በአንድ ገጽ ሥር ነው። ገምጋሚው በትልቁ ማሽን ላይ ተጫውቶ የሰጠው 85 በትንሹ ማሽን ባለቤት ፊትም 85 ሆኖ ይቀመጣል፤ ምንም እንኳ በእርሱ ስክሪን ላይ የምስሉ ጥራት ዝቅ ያለ፣ 60 መሆን የነበረበት የፍሬም ፍጥነትም 30 ላይ የታሰረ ቢሆን። የእርስዎ ማሽን ሲሪስ ኤስ ከሆነ ነጥቡን ሳይሆን ግምገማው በየትኛው ማሽን ላይ እንደተደረገ የሚገልጸውን መስመር አስቀድመው ይፈልጉ። ያ መስመር ከሌለ ደግሞ ዲጂታል ፋውንድሪን የመሰሉ፣ የፍሬም ፍጥነትንና የምስል ጥራትን በየማሽኑ እየለኩ የሚያሳዩ ተንታኞችን ማየት ከማንኛውም ነጥብ የተሻለ መልስ ይሰጥዎታል።

ጥያቄ፦ በሜታክሪቲክ አንድ ጌም በፕሌይስቴሽን 88፣ በኤክስቦክስ 85 ተብሎ ተቀምጦ አየሁ። ጌሙን በሁለቱም ላይ ተጫውቼዋለሁ፤ አንዳች ልዩነት አላየሁበትም። ሦስቱ ነጥብ የት ሄደ?

መልስ፦ የትም አልሄደም፤ ሁለቱን ቁጥሮች የሰጡት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

ሜታክሪቲክ ከ2001 ጀምሮ የሚሠራው በየመጽሔቱና በየድረ ገጹ የወጡ ግምገማዎችን ሰብስቦ አማካያቸውን በማውጣት ነው። አንድ ግምገማ የሚመዘገበው ገምጋሚው በተጫወተበት ማሽን ገጽ ሥር ነው። ለፕሌይስቴሽን ስሪት ስልሳ ግምገማ ገብቶ ለኤክስቦክስ ስሪት ስምንት ብቻ ቢገባ ሁለት አማካዮች ይወጣሉ፤ ስልሳዎቹና ስምንቶቹ ግን አንድ ሰዎች አይደሉም። ከስምንቱ መካከል አንድ ጥብቅ ገምጋሚ 60 ቢሰጥ አማካዩን በበርካታ ነጥብ ያወርደዋል፤ ያው ሰው በስልሳው መካከል ቢቀመጥ ግን ድምፁ ሳይሰማ ይዋጣል። አማካይ እንዲወጣ የሚጠየቀው አራት ግምገማ ብቻ መሆኑን ሲያስቡ ቁጥሩ ምን ያህል በቀላሉ እንደሚንቀጠቀጥ ይረዱታል። ለየትኛው ማሽን ብዙ ግምገማ እንደሚገባም በአብዛኛው የሚወሰነው አሳታሚው ለየትኛው ስሪት ብዙ የግምገማ ቅጂ እንደላከ ነው።

በዚህ ላይ የሜታክሪቲክ አማካይ ተራ አማካይ አይደለም። ለአንዳንድ ተቋማት ከሌሎች የበለጠ ክብደት ይሰጣል፤ የክብደቱን መጠን ግን ይፋ አያደርግም። ይህ ድብቅነት በግሌ የማልቀበለው ነገር ነው፤ ሰው የሚዳኝበት ሚዛን ለሚዳኘው ሰው መታየት አለበትና። በ2015 የተጀመረው ኦፕንክሪቲክ በአንጻሩ ሁሉንም ተቋም እኩል ይቆጥራል፤ የሁሉንም ማሽኖች ግምገማ በአንድ ላይ ስለሚደምርም እርስዎ ያዩት ዓይነት ሐሰተኛ ልዩነት አይፈጠርበትም። ይህ አሠራር ግን በተራው የራሱ ዕዳ አለው፤ አንዱ ስሪት በእርግጥ የተበላሸ ሲሆን ብልሽቱ በጋራው ቁጥር ውስጥ ይሰወራል። «ሳይበርፐንክ» በአንድ ቁጥር ብቻ ቢቀመጥ ኖሮ 57ቱ ባልታየ ነበር።

እንግዲህ ሦስት ነጥብ በሚያህል ልዩነት ምክንያት አይጨነቁ። ልዩነቱ አሥርና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን በቁም ነገር ይያዙት፤ ብዙውን ጊዜ ከጀርባው ያልተሳካ ዝውውር አለ።

ጥያቄ፦ ኮንሶል አምራቾች ገምጋሚዎችን በገንዘብ ይገዛሉ የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ በገንዘብ ተገዛ የሚለው ክስ በየግምገማው ሥር ይወረወራል፤ ማስረጃ ተያይዞለት ሲቀርብ ግን እምብዛም አይታይም። በሰነድና በምስክር የተደገፈው ግፊት ሌላ መልክ አለው፤ የሚመጣውም በማስታወቂያ በኩል፣ እንዲሁም መረጃንና የግምገማ ቅጂን በመንፈግ ነው።

በብዛት የሚጠቀሰው የጄፍ ገርስትማን ጉዳይ ነው። በኅዳር 2007 የጌምስፖት ዋና ገምጋሚ የነበረው ገርስትማን ለ«ኬን ኤንድ ሊንች» 6 ከ10 ሰጠ። በዚያው ሰሞን የጌሙ አሳታሚ ኤይዶስ በድረ ገጹ ላይ ሰፊ ማስታወቂያ አስነግሮ ነበር። ገርስትማን ከሥራው ተሰናበተ፤ ከማስታወቂያ ደንበኞች የመጣ ግፊት ከስንብቱ ጀርባ እንደነበረ ራሱ በይፋ የተናገረው ግን በ2012 ነው። ልብ ይበሉ፤ ግፊቱ የመጣው ጌሙን ከሚሸጠው አሳታሚ ነው፤ ጌሙም በፕሌይስቴሽን 3፣ በኤክስቦክስ 360 እና በፒሲ ይሸጥ ስለነበር የኮንሶል ወገንተኝነት የሚባል ነገር በመካከሉ አልነበረም።

የኮንሶል አምራች ራሱ ጫና ያደረገበት አጋጣሚም አለ። በዚያው በ2007 ሶኒ፣ ኮታኩ የተባለው ድረ ገጽ ገና ስላልተገለጸው ፕሌይስቴሽን ሆም ስለተባለ አገልግሎት ዜና አስቀድሞ በማውጣቱ ተቆጥቶ ግንኙነቱን አቋረጠ፤ ድረ ገጹ ይህንኑ ለአንባቢዎቹ ሲገልጽ ግን ጉዳዩ ብዙም ሳይቆይ በዕርቅ አለቀ። እዚህ ላይ የተቀጣው ዜና እንጂ ነጥብ አልነበረም። ይሁን እንጂ ነገ የግምገማ ቅጂ እንዳይላክለት የሚፈራ ትንሽ ድረ ገጽ ነጥቡን በግማሽ ወይም በአንድ ከፍ ለማድረግ የሚፈተንበት ምክንያት ግልጽ ነው። ፈተናው ደግሞ በአንድ ኮንሶል አምራች ላይ ብቻ የሚቆም አይደለም፤ ቅጂ የሚልክ ሁሉ ይህ ኃይል አለው።

በግልጽ ወገን ይዘው የተቋቋሙ መጽሔቶችስ? እነርሱም ነበሩ። በ1988 የተጀመረው ኒንቴንዶ ፓወር ለብዙ ዓመታት ይታተም የነበረው በራሱ በኒንቴንዶ ነው፤ በ2012 እስኪዘጋም ድረስ የአንድ ማሽን መጽሔት ሆኖ ቆይቷል። ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስም በኩባንያዎቹ ፈቃድ የሚታተሙ ይፋዊ መጽሔቶች ነበሯቸው። የእነዚህን ነጥብ ሲያነቡ ማን እንደሚያሳትማቸው ማስታወስ ተገቢ ነው። ስማቸው በሽፋናቸው ላይ ስለተጻፈ ግን ማንንም አላታለሉም።

ጥያቄ፦ እኔ ገምጋሚዎችን ትቼ የተጫዋቾችን ነጥብ ብቻ ማየት ጀምሬአለሁ። ተራ ተጫዋች ለማንም አያዳላም ብዬ ነው። ተሳስቻለሁ?

መልስ፦ በአክብሮት ልንገርዎት፤ የኮንሶል ወገንተኝነትን በጥሬው ማየት የሚፈልግ ሰው መሄድ ያለበት በትክክል ወደዚያ ነው።

በነሐሴ 2019 «አስትራል ቼይን» ለኒንቴንዶ ስዊች ብቻ ሲወጣ በሜታክሪቲክ ላይ 0 ነጥብ በብዛት ይወርድበት ጀመር። ምክንያቱ የጌሙ ጉድለት ሳይሆን ወደ ሌሎች ማሽኖች አለመምጣቱ ነበር፤ ሜታክሪቲክም ከእነዚህ አስተያየቶች ብዙዎቹን አንሥቷል። በ2023 «ስታርፊልድ» ወደ ፕሌይስቴሽን ሳይመጣ ሲቀር ተመሳሳይ የ0 ዘመቻ ተካሄደ። በሰኔ 2020 ደግሞ «ዘ ላስት ኦቭ አስ 2» በወጣ በሰዓታት ውስጥ፣ ማንም ሰው ጌሙን ሊጨርስ በማይችልበት ጊዜ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ 0 ነጥቦች ተሰጡት፤ የገምጋሚዎቹ አማካይ 93 ነበር። ያኛው ዘመቻ በአብዛኛው በታሪኩ ላይ የተነሣ ቁጣ ቢሆንም ውጤቱ ለሁሉም ጌሞች ተርፏል፤ ሜታክሪቲክ ከዚያ በኋላ ተጫዋቾች ነጥብ መስጠት የሚችሉት ጌሙ ከወጣ ከ36 ሰዓት በኋላ እንዲሆን ደንግጓል።

የነጥብ ሰጪው ማንነት እዚህ ላይ ለውጥ ያመጣል። ገምጋሚው ስሙን ጽፎ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ነገ ደግሞ በሌላ ጌም ላይ የሚጠየቅ ሰው ነው። በአንዳንድ መድረኮች ላይ ነጥብ የሚሰጠው ሰው ግን ጌሙን እንደገዛ እንኳ አይጠየቅም። በዚህ ረገድ ስቲም የተባለው የፒሲ ጌሞች መደብር የተሻለ አሠራር አለው፤ አስተያየት መጻፍ የሚችለው ጌሙ በአካውንቱ ላይ ያለ ሰው ብቻ ሲሆን ስንት ሰዓት እንደተጫወተም ከአስተያየቱ ጋር ይታያል። ይህ ለፒሲ ብቻ መሆኑ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ልጨምር። ገምጋሚዎችን ወደ ወገንተኝነት የሚገፋ ኃይል ካለ ከኩባንያዎቹ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከእኛ ከአንባቢዎች ነው። በ2006 ጌምስፖት ለዜልዳው «ትዋይላይት ፕሪንሰስ» ዊ በተባለው የኒንቴንዶ ማሽን ስሪት ከ10 8.8 ሲሰጥ፣ ነጥቡ 9 ባለመድረሱ ብቻ የተነሣው ጩኸት ለዓመታት ሲወራ የኖረ ነው። 8.8 እኮ ከፍተኛ ምስጋና ነው። ለሁለት አሥረኛ ነጥብ ይህን ያህል የሚሰደብ ጸሐፊ በሚቀጥለው ጊዜ እጁ ቢንቀጠቀጥ ሊያስደንቀን አይገባም።

ጥያቄ፦ ነገሩ ይህን ያህል ከተወሳሰበ ነጥብ መስጠት ለምን አይቀርም?

መልስ፦ የሞከሩት አሉ። የጌም ድረ ገጹ ዩሮጌመር በየካቲት 2015 ከ10 የሚሰጠውን ነጥብ አቋርጦ «ይመከራል»፣ «የግድ መጫወት ያለበት» እና «ይቅርብዎ» በሚል ትርጉም የሚወሰዱ ማኅተሞችን መጠቀም ጀመረ፤ በዚህም ምክንያት ከሜታክሪቲክ አማካይ ውስጥ ወጣ። በ2023 ግን ከአምስት ኮከብ በሚሰጥ ነጥብ ተመልሷል። አንባቢም፣ የፍለጋ ገጾችም ቁጥር ይፈልጋሉ፤ ያለ ቁጥር የቀረ ተቋም ድምፁ አይሰማም።

ቁጥሩ ለሠሪዎቹም ከወረቀት በላይ ነው። በ2010 «ፎልአውት፦ ኒው ቬጋስ»ን የሠራው ኦብሲዲያን ከአሳታሚው ጋር በነበረው ውል መሠረት ጉርሻ የሚያገኘው ጌሙ በሜታክሪቲክ 85 ሲደርስ ነበር፤ ጌሙ 84 ላይ ቆመ፤ ጉርሻውም ቀረ። ለብዙ ወራት የደከሙ ሰዎች ገቢ በማይታይ ክብደት ተባዝቶ በሚወጣ አንድ ነጥብ ላይ መንጠልጠሉ ከኮንሶል ወገንተኝነት ይልቅ ሊያነጋግረን የሚገባ በደል ነው እላለሁ።

የቁጥሩ ሌላ ድክመት የሚፈጠረው ደግሞ ሲመነዘር ነው። ሜታክሪቲክ ከአምስት ሦስት ኮከብን 60፣ በፊደል የተሰጠን ቢ ማይነስ 67 አድርጎ ይመነዝራል። ሦስት ኮከብ የሰጠው ጸሐፊ «ጥሩ ነው፣ የዘርፉ ወዳጅ ይደሰትበታል» ለማለት ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ከ75 በታች የሆነ ጌም ግን በገጹ ላይ ቢጫ ይለብሳል፣ ከ10 ነጥብ የሚሰጡ ተቋማት ደግሞ ለዚያው ስሜት 7 ወይም 8 ይጽፋሉ። አሁን ይህን ከኮንሶሎቹ ጋር ያያይዙት። በኮከብ የሚመዝኑት ሦስት ተቋማት በአጋጣሚ የደረሳቸው የፕሌይስቴሽን 5 ቅጂ ቢሆን፣ የፕሌይስቴሽን 5 ገጽ ከኤክስቦክሱ በጥቂት ነጥብ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ማንም አልጠላውም፤ ጌሙም አልተበላሸም፤ የወረደው በምንዛሪው ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥምዎት ከገጹ ግርጌ ዝቅተኛውን የሰጡትን ሁለት ሦስት ግምገማዎች ከፍተው ያንብቧቸው። የሚዘረዝሩት ጉድለት በእርስዎ ማሽን ላይ የሚታይ መሆን አለመሆኑን በአሥር ደቂቃ ንባብ ያውቁታል።